የቀላድ ጣዩ ድርጎ

ስሜ ትዕግስት ነው። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ተሳስተዋል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስቆጣ ያገኘኝ ሰው ምን ነካት እንዳይል ነው። የተቆጣሁት በመሬት መለኪያ ገመድ ነው። ለጋባዥ የሚረዝም፣ ለድሃ የሚያጥር ገመድ አገር ቤት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። አትላንታም አለ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው። በሱዳን በኩል ወጥተን አትላንታ ከገባን አምስት ዓመት ሆኖናል። ባሌ ዘገዬ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ብሩክሄቨን አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የካቲት ላይ፣ እግዜር ይመስገን፣ ቤት ገዛን። ቤቱ ያለበትን ካውንቲ (ወረዳ በሉት) ስም አልጠራም፤ ከጠራሁት መሳደቤ አይቀርም። ሁለት መኝታ ያላት አሮጌ የእንጨት ቤት ናት። ግንቦት ላይ የዘገዬ አባት አቶ ወንዳፍራሽ ከካርቱም መጡልን። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዱን መኝታ ቤት ልጆቹ፣ ሌላውን እኛ ስለያዝነው እሳቸው የሚተኙት ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነበር። በየማለዳው ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው ሳያቸው አንጀቴ ይቃጠላል።

ዘገዬ አንድ ቀን፣ "በምሥራቅ በኩል ለአባባ አንድ ክፍል አድ አደርጋለሁ" አለኝ። "እንጨቱን ገዝቼ ራሴ እሠራዋለሁ። ፐርሚት ብቻ ነው የሚያስፈልገን።"

የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎቹ ደግሞ መጀመሪያ መሬቱን አስለኩ አሉን።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ሚስ ኮራ ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የተወለዱት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በእሳቸው ቤትና በእኛ ቤት መካከል አጥር የለም። ሁለት ትልልቅ የፔካን ዛፎች አሉ፤ ከዛፎቹ ወዲህ ሚስ ኮራ ጎመንና ቲማቲም ይዘራሉ። ለውዝ የሚመስለውን የፔካን ፍሬ በኅዳር ለቅመው፣ ፈልፍለው፣ ለዳቦ ቤት ይሸጣሉ። መሬቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ማንም ቢሆን የሳቸው ነው ይላል።

ለኪው ቅዳሜ ሊመጣ ተቀጠረ። አባባ ይህን ሲሰሙ ከሶፋቸው ተነሡ።

"መሬት ሊለካ ነው ወይ?"

"አዎ፣ አባባ" አላቸው ዘገዬ።

"ታዲያ በጉን መቼ ነው የምትገዛው?"

"የምን በግ?"

"የለኪውን! ቀላድ ጣይ አፉ ባዶ ሆኖ ይገባል እንዴ? ድርጎ ይቀርብለታል እንጂ!"

ድርጎ ማለት በእሳቸው ዘመን በመንግሥት ትእዛዝ ለመጣ ሰው ባላገሩ የሚያቀርበው መብል ነው። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ፣ ቀላድ ጣይ ገመዱን የሚዘረጋው ሰው ነው። ዘገዬ ሳቀ።

"አባባ፣ ሰውዬው እኮ ተከፍሎታል። ሦስት መቶ ሰባ አምስት ዶላር ቼክ ጽፌለታለሁ።"

"ቼክ ይበላል?" አሉ።

እንግዲህ ሽማግሌ አይሻርም። ዘገዬ ገጠር ድረስ ነድቶ በግ አመጣ፤ እኔ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ቆሜ ጥብሱን፣ አልጫውን፣ ዱለቱን ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ድስቶቹን ሳሰናዳ ይህን ያህል ምግብ ለአንድ ሰው ነው ወይ ብዬ፣ "አባባ፣ ሚስ ኮራንም ልጥራቸው?" አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። "ዛሬ አይሆንም። ቀላድ በሚጣልበት ቀን ተዋሳኝ አይጠራም።"

ወግ መሰለኝ። ለወግ ደግሞ ምክንያት አይጠየቅም ብዬ ተውኩት።

ለኪው ቀይ ጢም ያለው ቀጭን ፈረንጅ ነበር፤ ሚስተር ዴል ይባላል። ከአንድ ባልደረባው ጋር መጥቶ መኪናውን በራችን ላይ ፓርክ አደረገ። ገና ባለሦስት እግር መነጽሩን ሳያወርድ አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እጅ ነሥተው፣ ክንዱን ይዘው ወደ ማዕድ አስገቡት። "ሳንድዊች ይዤ መጥቻለሁ" እያለ ይለምነኛል። አባባ በገዛ እጃቸው ሲያጎርሱት ዓይኑ ፈጦ እኔን አየኝ፤ ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ ሳንድዊቹን አላነሣም። ሁለቱም በልተው፣ ጠጅ ቀምሰው፣ ፊታቸው ቀልቶ ወጡ። ሚስ ኮራ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ደራርበው፣ ሁሉንም ያያሉ። ሰላም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለአራት ሰዓት ያህል ለኩ። ሲጨርሱ ሮዝ ጨርቅ የታሠረበት ችካል ከፔካኖቹ ወዲያ፣ የሚስ ኮራ በረንዳ ደረጃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተተከለ። ዛፎቹ የኛ፣ ቲማቲሙ የኛ፣ ጎመኑ የኛ ሆነ።

"ኤይቲን ፊት!" አለ ዘገዬ። "ትዕግስት፣ አሥራ ስምንት ጫማ እኮ ነው! ክፍሉንም ሠርተን መኪና ማቆሚያ ይተርፈናል!"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ደስ አለኝ። ዛፎቹን ስንቆርጥ ሁሉ ታየኝ። አባባ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ "ድርጎው ሥራውን ሠራ" ብለው ሳቁ።

ሚስ ኮራ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። ችካሉ ላይ ቆመው አዩት። ይጮሃሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮሁም።

"ምን አበላችሁት?" አሉኝ።

"በግ" አልኩ እንደ ሞኝ።

"አባቴ ለኪዎቹን ዶሮ ነበር ያበላቸው። ሰባት ዓመቴ ነበር። አራት ቀን ሙሉ እናቴ ዶሮ ጠበሰችላቸው። በናንተ ቤት ቦታ ላይ የነበረው ሰውዬ ግን አሳማ አረደ።"

ይህን ብለው ጎመናቸውን አንዴ አይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አባባ፣ "ምን አለች?" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት። ሳቃቸው ጠፋ። ሄደው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ እዚያው ሆነው፣ ዘገዬን ሳያዩ፣ እኔንም ሳያዩ ተናገሩ።

"አርሲ ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መሬት ይለካ ተብሎ ቀላድ ጣዮች መጡና አሥራ አምስት ቀን አገሩ ላይ ተቀመጡ። የቀላዱን ዋጋ የሚከፍለው ባለመሬቱ ነው። ቀለባቸውም፣ የበቅሏቸው ገብስም ከባለመሬቱ ነው። አባቴ ወይፈን ጣለላቸው፤ ማር ሰጣቸው። ተዋሳኛችን ደጊቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ገንፎና አሬራ ይዛ መጣች። እሱንም በሉላት።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ለእኛ ሲጥሉ ገመዱ ተወጠረ፤ ችካሉንም ከገመዱ ጫፍ ወዲያ ሦስት እርምጃ ተራምደው ተከሉት። ለእሷ ሲጥሉ ገመዱ ረግቦ ተጋደመ። የገብስ ማሳዋ ወደኛ ገባ። የቀላዱን ዋጋ ደግሞ ክፈዪ ተባለች፤ ላሟን ሸጣ ከፈለች።"

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ከዚያማ ምን ታድርግ? ለእኛ ታርም ነበር። በገዛ ማሳዋ ላይ። ማታ ማታ አንድ ቁና ገብስ ሰፍሬ የምሰጣት እኔ ነበርኩ።"

እዚህ ላይ ነው ስሜ ያልሠራው። "ይህን እያወቁ ነው ሚስ ኮራን አትጥሪ ያሉኝ?" ብዬ ጮኽኩባቸው። አባት በሚሆን ሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዘገዬ፣ "አንቺ! አፍሽን ዝጊ!" አለኝ።

"ተዋት" አሉ አባባ። "አዎ። እያወቅሁ ነው። አባቴም ያን ቀን ደጊቱን አልጠራትም።"

ዘገዬ ለኪው ኦነስት ሰው ነው፣ በጉ ምንም አልለወጠም፣ የተከተለው የሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠኙን የካውንቲ ፔፐር ነው ብሎ ተከራከረ። ሰኞ ኦፍ ስለነበርኩ ያንን ፔፐር በዓይኔ ልይ ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ እየተነፈሰች ሁለት እጅ የሚፈልግ መዝገብ አወጣችልኝ። ጽሑፉ በእጅ የተጻፈና የተጠማዘዘ ነው፤ ሆኖም ቁጥርና ስም አይጠፋኝም። ካውንቲው የዚያን መንገድ መሬቶች እንደገና አስለክቷል። የመለኪያውን ሰንሰለት ለያዙት የቀን ደመወዝ፣ መጥረቢያ ለያዘው የቀን ደመወዝ፣ ለጋሪው፣ ለወሰን ድንጋዩ፤ ሁሉም ተዘርዝሮ በባለመሬቶቹ ላይ ተደልድሏል። በሚስ ኮራ አባት ስም ፊት፣ አሥራ አንድ ዶላር ከአርባ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል ይላል። ከአርባው ሳንቲም አጠገብ ደግሞ፣ ለድንጋይ፣ የሚል አለ። መሬቱን አሥራ ስምንት ጫማ ቆርጦ የወሰደበትን ድንጋይ የገዛው እሱ ራሱ ነው። የዘረፉትን ሰዎች አራት ቀን ዶሮ አብልቶ፣ የቀን ደመወዛቸውን ከፍሎ፣ ድንጋዩንም ገዛላቸው! በባለ አሳማው ስም ፊትስ? ባዶ ነው። አንድ ሳንቲም የለም።

ለገጹ ፎቶ ኮፒ ሃምሳ ሳንቲም አስከፈሉኝ። የሰባ ሰባት ዓመት ግፍ ማየትም በክፍያ ነው። ጸሐፊዋን፣ "ይህን ሰው ሲያነበው የሚለው ነገር የለም?" ብላት ደረሰኝ ትፈልጊ እንደሆን ጠየቀችኝ።

ማታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዘገዬ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እሺ፣ ግፍ ነው" አለ። "ግን እኛ ምን አደረግን? ቤት ነው የገዛነው። ክሎዝ ያደረግነው፣ ውሉን የጨረስነው በሕግ ነው።"

"እኛም እንዲሁ ነበር የምንለው" አሉ አባባ። "ንጉሥ ያስለካው ነው እንል ነበር።"

"አባባ፣ ክፍሉ እኮ ለእርስዎ ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ሶፋ ላይ ነው እኮ የሚተኙት! ወገብዎን ያምዎታል፤ ማታ ማታ ሲያቃስቱ እሰማለሁ!"

"ይመመኝ" አሉ። "የደጊቱ ማሳ ላይ ደግሜ አልተኛም።"

ዘገዬ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጠ። እኔ አልተከተልኩትም፤ ሰው ንዴቱን የሚጨርስበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ወሰኑን ለመመለስ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅን። አዲስ ልኬት፣ አዲስ ካርታ፣ ከባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ፣ የመዝገብ ክፍያ። በጠቅላላው ስድስት መቶ ሃያ ዶላር። ለመውሰድ አንድ አሳማ የበቃው መሬት ለመመለስ አምስት መስኮት ያዞራል። እኔ በየመስኮቱ ስጨቃጨቅ ዘገዬ ክፍያዎቹን በወረቀት ይደምር ነበር። ቤት ስንገባ ለእንጨት መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ከቁም ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አባቱን ሳያይ፣ "ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ለኪውን ለቅዳሜ ቅጠሪው" አለኝ።

ለሚስ ኮራ ልነግራቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ቆሜ ስለ መዝገቡ፣ ስለ አባባ፣ ስለ ደጊቱም ሳይቀር ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ፊታቸው አልተለወጠም።

"ስንት ያስከፍለኛል?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

"ምንም።"

"መሬት ለኪ በነፃ መጥቶ አያውቅም።"

"እኛ ነን የምንከፍለው፣ ሚስ ኮራ።"

ዓይናቸውን ወደ ዛፎቹ መለሱ። "አባቴ በማዕዘኑ ላይ የጋሪ ዘንግ ብረት ቀብሯል። ሲቀብር አይቼዋለሁ። እዚያ ድረስ ከሆነ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን አለ።" ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ማድ ቤታችን መስኮት ጠቆሙ። "በዚህኛው ጊዜ ማንም እንዳያበላው።"

ለአባባ ስነግራቸው፣ "እውነቷን ነው" አሉ።

ነሐሴ ላይ፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ቅዳሜ፣ ሚስተር ዴል ተመልሶ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ አየሩን አሸተተ፤ ፈገግ ብሎ በራችንን አየ። ሳንድዊች አልያዘም ነበር። በሩ ዝግ ነው። አባባ ከሳሎን ወንበር አውጥተው በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ከፔካኑ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሚስ ኮራም ወንበራቸውን አስመጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን ከሰውዬው ላይ አላነሡም። እግሩን ባነሣ ቁጥር የሁለቱም ራስ አብሮ ይዞራል።

ለሁለት ሰዓት ከለካ በኋላ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። "ማም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ባገኝ?" አለኝ። ውሃ ለጠየቀ እምቢ ማለት በእኛ ነውር ነው። ብድግ አልኩ።

"ተቀመጪ" አሉ አባባ።

"ውሃ እኮ ነው፣ አባባ።"

"መጀመሪያ ይጨርስ።"

ሚስ ኮራ ምን እንደተባባልን ሳይነገራቸው ከዘራቸውን በፊቴ አጋደሙት። ተቀመጥኩ። ዘገዬ ሊስቅ ዳድቶት አፉን በእጁ ያዘ።

ሚስተር ዴል የያዘው ብረት ፈላጊ መሣሪያ ከኛ ቤት ግድግዳ ሁለት እርምጃ ላይ ጮኸ። ዘገዬ አካፋውን ነጥቆ ቆፈረ። በዝገት የተበላ የጋሪ ዘንግ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ጫፉ ወጣ። ሚስ ኮራ ተነሥተው ሄዱ፤ ጎንበስ ለማለት ጉልበታቸው ስላልቻለ በከዘራቸው ጫፍ ነኩት። ሁለት ጊዜ ነኩት። ችካሉ እዚያው ላይ ተመታ። ለባንኩና ለመዝገቡ የሚሄደውን ወረቀት ሁላችንም በታክሲው ኮፈን ላይ ፈረምን፤ ሚስ ኮራ ከመፈረማቸው በፊት ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አባትሽን ጠይቂልኝ" አሉ። "ያቺ ሴትዮስ? መሬቷ ተመለሰላት?"

ባልተረጉመው ደስ ባለኝ። ተረጎምኩት።

አባባ ችካሉን አዩ። "የለም" አሉ። "እኛ ጋ እያረመች ሞተች።"

ሚስ ኮራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይዞዎት አላሏቸውም። ሊሏቸውም አይገባም። አባባም አልጠበቁም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበራቸውን አነሡና ወደ ሶፋቸው ለመመለስ ሲራመዱ፣ በሩ ላይ ደርሰው፣ "በይ፣ አሁን አጠጪው" አሉኝ።

ውሃውን ቀድቼ ለሚስተር ዴል ወሰድኩለት። ሲቀበለኝ ፊቴን አየ። ሙቀቱ ነው ብሎ አዘነልኝ። ንዴት ነበር።